ከስኳር መጠቅለያ የወጣ ቃል

ቡሬ ላይ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጥቂት ወር ይሆነኝ ነበር። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ግን ልቤን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም፤ ያኔም፣ ዛሬም። የአንድ ዓመቱን የመምህራን ሥልጠና ጨርሼ ስወጣ የያዝኩት በመዳፍ የምትያዝ አንዲት መዝገበ ቃላት፣ ሁለት ቀሚስና «በሙከራ ጊዜ» የሚል ቃል ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ነበር። ኢንስፔክተር መጥቶ አይቶኝ መልካም ነው ካለ ቋሚ እሆናለሁ። ካላለ ወደ ደምበጫ፣ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ። አባቴ ሲሸኘኝ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ካልሆነልሽ ሰውየው አሁንም ይጠብቃል» አለኝ። ሰውየው የሚለው ሊድረኝ ያሰበለትን ባለመሬት ነው፤ ከእኔ በሃያ ዓመት ይበልጣል። እንግዲህ እንግሊዝኛ ለእኔ ቋንቋ ብቻ አልነበረም።

ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ መካከል አንዱ ከእኔ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ከሽንዲ ወዲያ ካለ ደብር የመጣ ዲያቆን ነው። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ ጢሙ ከበቀለ በኋላ ከአሥራ ሦስትና ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቅኔውን ለምን ትቶ እንደመጣ አልጠየቅሁትም። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከኋላ ተቀምጦ ሲያየኝ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ደግሜ አየዋለሁ። አንተ ለማለት አፌ ስለሚተሳሰርብኝ ስጠራው ምንም አልለውም፤ በጣቴ ብቻ አመለክተዋለሁ። እሱ ደግሞ «እትዬ» ይለኛል። ስለ ቅኔ ቤት ባወራ ቁጥር እያንዳንዱን መምህሩን «የኔታ» እያለ በአክብሮት ያነሣል፤ እኔ ግን እትዬ ነኝ። ታላቅ እህቱ እንኳ አይደለሁም። ለሴት ልጅ ከዚህ በላይ አይገባትም ማለቱ ነው ብዬ ተርጉሜ ቂም ያዝኩበት።

በቅኔ ቤት ግስ የሚሉት ትምህርት አለ። የግእዙን ቃል ከነፍቺው እያስከተሉ፣ «ቀተለ ገደለ፣ ቀደሰ አመሰገነ» እያሉ በቃል መያዝ ነው። ዲያቆኑ እንግሊዝኛንም በዚያው መንገድ ያዘው። ይባስ ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስለመደው። ጠዋት ገና በሩ ጋ ሳልደርስ አርባ ልጅ ባንድ ድምፅ፣ «ጋሩለስ ለፍላፊ፣ ኢንዶለንት ሀኬተኛ፣ ፍሩጋል ቆጣቢ» እያለ ሲያወርደው እሰማለሁ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ግማሹን ያወቅሁት እነሱ ከጠየቁኝ በኋላ ስለሆነ፣ ዜማውን በሰማሁ ቁጥር እርምጃዬን አዘገያለሁ።

ቃሎቹን የሚያመጣቸው ከሱቅ ነው። ያን ጊዜ የቡሬ ባለሱቆች ስኳሩንም ሻዩንም የሚጠቀልሉት በአሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጣና መጽሔት ነበር። ዲያቆኑ መጠቅለያውን ከጎረቤት ሁሉ እየለመነ ይሰበስባል፤ በመዳፉ ጠፍጥፎ ያቃናል፤ ያላወቀውን ቃል በእርሳስ ያሰምርና ይዞብኝ ይመጣል። እንደ ሌላው ልጅ «ድመት» እና «ወንበር» ቢጠይቀኝ ምናለበት? እሱ የሚፈልገው ሰው የማይጠቀምበትን፣ ከጥግ የተወሸቀውን ቃል ነው። በቅኔ ቤት እንደዚያ ያለ ቃል የሚያውቅ ተማሪ እንደሚከበር ኋላ ነው የሰማሁት። «ነገ» እልና ማታ ኩራዝ ለኩሼ መዝገበ ቃላቴን አገላብጣለሁ። ብዙውን ጊዜ አገኘዋለሁ። ጠዋት ልክ ከድሮም የማውቀው መስዬ እነግረዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ግን በክፍል መካከል ብድግ አለ። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ «ነገ» ብዬ ስለነበር፣ ገና ሲነሣ ከፊት ያሉት ሴት ልጆች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው መሳቅ ጀምረዋል።

«እትዬ፣ ይፍቀዱልኝና ይኼ ቃል ምን ይሆን?» አለና ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

የተቀደደ የመጽሔት ገጽ ነው፤ ጥጉ ላይ ስኳር ተጣብቆበታል። ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ ፈረንጅ ፎቶግራፍ በግማሽ ይታያል። ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ውስጥ የተሰመረበት ቃል «ሉጉብሪየስ» ይላል። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ሣቁ እየበረታ መጣ። ሽማግሌውን አየሁት፤ ካፖርቱን አየሁት። መቼስ እንዲህ የለበሰ ሰው ትልቅ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

«ግርማ ሞገስ ያለው ማለት ነው» አልኩ።

ሣቁ ቆመ። አርባ እርሳስ ባንድ ጊዜ ሲጽፍ ሰማሁ። ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም።

ማታ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። «ላጌጅ፣ ሻንጣ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ሉክዋርም፣ ለብ ያለ» ይላል። በመካከላቸው ምንም የለም። ሦስት ጊዜ አየሁት። ትንሽ መጽሐፍ ነውና ቢዘለውም አይፈረድበትም፤ እኔ ግን አሁን ምን እንደተናገርኩ የማላውቅ ሰው ሆንኩ። ምናልባት ልክ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተኛሁ። ጠዋት በሩ ጋ ስደርስ ዜማው ላይ አዲሱ ቃል ተጨምሯል፤ «ሉጉብሪየስ ግርማ ሞገስ ያለው» ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በወረቀት የጻፉትን ይሰርዙታል፤ አርባ ልጅ በዜማ የያዘውን ማን ይሰርዘዋል?

በሳምንቱ ዲያቆኑ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «እትዬ፣ ያችን ቃል እንደገና ቢነግሩኝ» አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማውን የማይረሳ ሰው አንዲት ቃል ጠፋችው ብዬ አላመንኩም። ነገርኩት፤ ያንኑ ነገርኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ተመልሶ ገባ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያንኑ ጠየቀኝ። ሲያደገድግ ሳየው ደሜ ፈላ። ትሕትናው ራሱ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ፤ ሴት አስተማሪን ማሳፈር ለቅኔ ቤት ሰው ጨዋታ ነው አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ «ግርማ ሞገስ ያለው ነው ብያለሁ። ካላመንከኝ ሌላ አስተማሪ ጠይቅ» አልኩት።

«እሺ እትዬ» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ባይጠይቀኝ ይሻለኛል ያልኩት ሰውዬ ዝም ሲል ባሰብኝ። ጠዋት ጠዋት በመስኮት በኩል ቆሜ ሲያዜሙ እመለከታለሁ። ቃሉን ሁሉ ያወርዳል፤ «ሉጉብሪየስ» ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈሩ ይገጥማል፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። እንቅልፍ አጣሁ። እህል አልበላ አለኝ። ያከራዩኝ አረጋዊ ቄስ «ልጄ፣ ወባ ይሆን እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ ከሳሁ።

በዚህ መካከል ከፍኖተ ሰላም ደብዳቤ መጣ። ኢንስፔክተሩ በመጪው ሳምንት ይመጣል፤ በሙከራ ላይ ያሉ አስተማሪዎችን ያያል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ተማሪዎችን ደግሞ ለይቶ፣ የሚረባውን አስቀርቶ የማይረባውን ያሰናብታል ይላል። ዲሬክተራችን ደብዳቤውን ሲያነብልን እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አርባ ልጅ በኢንስፔክተሩ ፊት ያንን ቃል ሲያዜም።

ቅዳሜ ማለዳ በርበሬ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትልቅ መዝገበ ቃላት እንዳለው ሰምቻለሁ። ከጀርባዬ ያለው በርበሬ መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥሰኝ ሾፌሩ «ይማርሽ» ማለት ሰልችቶት ተወው። ለምን ከመጀመሪያው እንዳልሄድኩ ብጠየቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ፈርቼ ነው። ያላዩት ስሕተት ልክም ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊው ቁም ሣጥኑን በቁልፍ ከፍቶ እንደ ስንክሳር የወፈረ መጽሐፍ አወጣልኝ።

«ምን ጉድ ነው፣ የቡሬ ሰው ይችን መጽሐፍ ወደዳት» አለ። «ከወር በፊት ቅዳሜ ቀን አንድ ጋቢ የለበሰ ዲያቆን በግሩ መጥቶ ‹አሳዩኝ› አለኝ። ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አስቀምጦ ብዙ ቆየ። በኋላ ዘጋና መጽሐፉን ተሳልሞ ወጣ።»

ገጹን ገለጥኩ። ቃሉ እዚያው ነበር፤ በ«ሻንጣ» እና በ«ለብ ያለ» መካከል። ፍቺው «ሐዘን የተጫነው፣ ፊቱ የጠቆረ» ይላል። ያ ካፖርት የለበሰው ሽማግሌ ትዝ አለኝ። ባርኔጣውን በእጁ የያዘው ለቀብር ቆሞ ነው። ተቀዶ በጠፋው ግማሽ ወረቀት ላይ ሬሳው ሳይኖር አይቀርም።

ስመለስ የማስበው ስለ ቃሉ አልነበረም። ያውቃል። አውቆ ዝም ብሏል። ዝም ያለው ደግሞ ለኢንስፔክተሩ ሊያቆየው ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት ብድግ ብሎ ሊያዋርደኝ። እንዲህ እያሰብኩ ቡሬ ስገባ አባቴ ቤት ያለውን ጓዳ፣ የሰውየውን በቅሎ፣ የሠርጉን ዳስ ሁሉ በዐይነ ኅሊናዬ አይቼ ጨርሻለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አከራዬ ቄስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የኖሩ ናቸው። ነገሩን ከሩቅ ጀመርኩት።

«አባ፣ በቅኔ ቤት መምህሩ ቢሳሳቱ ተማሪው ምን ያደርጋል?»

«መምህር ይሳሳታል እንዴ?» ብለው ሣቁ። ቀጥለው ግን፣ «እኛ በተማርንበት ቤት ‹ተሳሳቱ› አይባልም ልጄ። ነውር ነው። መልሶ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ የኔታ ካልነቁ ሁለተኛ፤ ካልነቁ ሦስተኛ፣ አደግድጎ፣ ሰው በሌለበት። ጥያቄው ራሱ እርማት ነው፤ መምህር ሲጠየቅ ይገባዋል» አሉኝ።

«በሦስተኛውም ካልገባቸውስ?»

«ይጠብቃላ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሰጡት ነዋ። ቃል እኮ ከመምህር አፍ ነው የሚሰጥ። ተማሪ ከመጽሐፍ ቢያገኘውም የኔታ ሳይሰጡት የኔ ነው አይልም።» አሁን ዐይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ። «ምነው፣ የጠየቀሽ አለ እንዴ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛው ደጅ ላይ፣ ሦስተኛው አደግድጎ፣ ሰው በሌለበት። ከፍኖተ ሰላም መልስ ጦር ሊሰብቅብኝ ነው ያልኩት ሰው እያከበረኝ ኖሯል። ከዚያ በላይ ያሳፈረኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም። ሰኞ ጠዋት ከሁሉ በፊት ገብቼ ለልጆቹ እውነቱን እነግራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መቁረጥ ማታ ማታ ቀላል ነው።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ የኢንስፔክተሩ ላንድሮቨር ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በታች ባለው በር ላይ ቆሟል። ሮጬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ልጆቹ በደስታ ተነሡ። ሰሌዳው ላይ፣ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ፣ ዙሪያውን አበባ ሥለውበት፣ ኢንስፔክተሩን በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ» ብለውታል። ከስሙ በፊት ማክበሪያ አድርገው ያስቀመጡት ቃል «ሉጉብሪየስ» ነው። ሐዘን የተጫነዎ፣ ፊትዎ የጠቆረ ኢንስፔክተር ሆይ፣ እንኳን ደህና መጡ።

ማጥፊያውን መፈለጊያ ጊዜ አልነበረኝም። በመዳፌ ጠረግሁት። የመጨረሻውን ፊደል ሳጠፋ በሩ ተከፈተ።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ሰሌዳው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አዩት፤ ቀይና ሰማያዊ የሆነውን እጄን አዩት። «የእንግሊዝኛዋ አስተማሪ አንቺ ነሽ?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ በወንበሮቹ መካከል አለፉ። ዲያቆኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ተማሪ ነህ ወይስ የተማሪ አባት?»

ልጆቹ ሣቁ። ዲያቆኑ አልሣቀም፤ ተነሥቶ ደብተሩን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ኢንስፔክተሩ ገለጡት። ገጹ ሁሉ በቀጭን ቀለም ተሰምሯል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ፍቺው። አንድ ገጽ ገለጡ፤ ሁለት፣ ሦስት። ራሳቸውን ነቀነቁ። አራተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህችስ? ቃሏን ጽፈህ ፍቺዋን ባዶ ተውከው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ዕድሜው የገፋ ተማሪ የማስቀረው የሚተጋ ከሆነ ነው» አሉና ስም የተጻፈበት ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። «ለምን ባዶ ሆነ? አታውቀውም?»

ዲያቆኑ ያውቀዋል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በእግሩ ለዚያች ቃል ሲል ሄዶ ተመልሷል። ብዕራቸው ስሙ ላይ ልትወርድ ስትል እንኳ ወደ እኔ አልተመለከተም።

«ገና አልተሰጠኝም ጌታዬ» አለ።

«ማን ነው የሚሰጥህ?»

«እትዬ ናቸው። ሲሰጡኝ እጽፈዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «እናንተስ? የዚህችን ቃል ፍቺ የሚያውቅ አለ?» ሠላሳ ዘጠኝ እጅ ተነሣ። ሁሉም ሊያዜሙ አየር ስበዋል። «ገና አልደረስንበትም» ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን ያንን ባዶ መስመር አየሁት፤ እንዴት በጥንቃቄ እንዳሰመረለት፣ ቦታ እንዳስቀመጠለት። የእኔን ስሕተት አልጻፈም፤ ከመጽሐፍ ያገኘውን እውነትም አልጻፈም።

«ሐዘን የተጫነው፣ ፊቱ የጠቆረ ማለት ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖብኝ ነበር። «እስከ ዛሬ ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ይህ ልጅ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዋሽቼዋለሁ።»

የተነሣው እጅ ሁሉ አንድ በአንድ ወረደ። ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሰሌዳውን እንደገና ተመለከቱ፤ ባዶው ቦታ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር የገባቸው ይመስለኛል፤ ከንፈራቸው ዳር ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። የዲያቆኑን ስም ሳይሰርዙ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። የእኔ የሙከራ ጊዜ በአንድ ዓመት እንደተራዘመ የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አባቴ ቤት አልተመለስኩም፤ ቋሚም አልሆንኩም። በዚያች ሰዓት ግን ይህ ሁሉ አልመጣም ነበርና ሻንጣዬን እንዴት እንደምሸክፍ እያሰብኩ ነበር።

ዲያቆኑ ደብተሩን ከኢንስፔክተሩ እጅ ተቀበለ። ተቀመጠ፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ፤ የሁሉም ዐይን እሱ ላይ ሆኖ ሳይቸኩል ጻፈ። እስኪደርቅ እፍ አለበት። ከዚያ ተነሥቶ ጋቢውን አደገደገና እጅ ነሣኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አለኝ።